ልምጭና ሎሚ

ባለፈው የጥምቀት ዋዜማ በአዳማ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ወርጄ፣ ሻንጣዬን ገና ከመሬት ሳላሳርፍ፣ ዕድሜው ከ10 ዓመት የማይዘል አንድ ልጅ እቅፍ ሙሉ እንጨት በግራ ክንዱ ታቅፎ፣ በቀኝ እጁም አምስት ስድስቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ «መፋቂያ! ወይራ አለ! ልምጭ አለ!» እያለ በተሳፋሪው መካከል ሲሹለከለክ አየሁና፣ ከብሩሽና ከኮልጌት ጋር ከተዋወቅሁ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ስሆን፣ ለምን እንደ ሆነ ለራሴም ሳይገባኝ ጠራሁት። ሁለት ልምጭ መረጥሁ። ሁለቱን 10 ብር ሲለኝ፣ በልጅነቴ በዚህ ገንዘብ በግ ይገዛ እንደ ነበር ላጫውተው ቃጣኝና ተውሁት፤ እርሱ እንጨቱን ሸጦ ሊሄድ እንጂ የሽማግሌ ወግ ሊሰማ አልመጣም። ልጡን በጥፍሬ ገለጥ አድርጌ ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋሁት ጊዜ ግን፣ ያ እንስላል እንስላል የሚል፣ ሆኖም ከእንስላል ይልቅ ሻከር ያለና ወደ መራራነት የሚያዘነብል መዓዛ እስከ ደረቴ ወረደ፤ የመኪናው ጥሩምባና የረዳቶቹ ጩኸት ሁሉ ከሩቅ እንደሚሰማ ድምፅ ሆነብኝና፣ በቡልጋ፣ በአያቴ ደጅ፣ ከድንጋዩ መደብ ላይ ቁጭ አልሁ።

አያቴን እኔም ጎረቤቱም «እምዬ» ነበር የምንላት። እምዬ ማለዳ ተነሥታ፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ መልሳ ጸሎቷን ካደረሰች በኋላ፣ እህል ውሃ ወደ አፏ ሳይገባ አስቀድማ የምትሠራው ሥራ ጥርሷን መፋቅ ነበር። መፋቂያዎቿን ከጎጆው ክዳን ሥር፣ ጢስ በማያገኛቸው በኩል፣ እንደ መርፌ ሰክታ ታኖራቸዋለች፤ ከእነርሱ አንዱን መዝዛ፣ የትናንቱን ጫፍ በካራ ቆርጣ፣ ልጡን አንድ ጣት ያህል ገፍፋ ትጥልና፣ ጫፉን በመንጋጋዋ በኩል አድርጋ፣ ላም እንደምታመሰኳ ሳትቸኩል ታኝከዋለች። የእንጨቱ ቃጫ ተፈትቶ እንደ ጭራ ሲበተን፣ ያን ጊዜ የላይኛውን ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ፣ አንድ ባንድ፣ የውጭውንም የውስጡንም ታዳርሳለች። ወደ ጎን መፈግፈግ በእርሷ ዘንድ ክልክል ነበር። «ጥርስ ግንድ አይደለም፣ በመጋዝ አይሄዱበትም» ትለኝ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ነጭ ካባ የለበሰ ሐኪም የብሩሽ አያያዝ ሊያስተምረኝ ሲነሣ፣ የተናገረው ያንኑ የእምዬን ቃል ነው፤ ልዩነቱ እርሱ ገንዘብ ማስከፈሉ ብቻ ነበር።

ሥርዓቱም እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አልነበረም። በሽማግሌ ፊት አይፋቅም፤ እየፋቁ አይናገሩም፤ የሌላውን ሰው መፋቂያ፣ የእናት ልጅም ቢሆን፣ አይነኩም፤ ምራቁን ሰው ከሚረግጠው መንገድ ዘወር ብለው ይተፉታል። ሥጋ ወደሙ በምትቀበልበት ቀን ደግሞ መፋቂያው ከተሰካበት አይወርድም፤ ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት የሚጾም አፍ፣ የእንጨቱ ጭማቂ በጉሮሮው ቢንጠባጠብ ጾሙ እንዳይፈርስበት ትፈራ ነበርና። እኔ ያን ቀን አልፋቅም ማለቱን እንደ በዓል እቆጥረው ነበር፤ እርሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ፣ አፏን እንደ ታተመ ደብዳቤ ዘግታው ትውላለች።

የእንጨቱን ዓይነት መለየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ወይራ ጽኑ ነው፤ ለጀማሪ ድድ ያደማል፣ ለለመደው ግን ድድ ያጠነክራል ይባልለታል። ክትክታ የወንዶች ነበር፤ እረኞች ከገደሉ አፋፍ እየሰበሩ ቀኑን ሙሉ በጉንጫቸው ይዘውት ይውላሉ። ግራዋም ነበረ፤ መራራነቱ ዓይን ያስጨፍናል። እምዬ ጠላ ስትጠምቅ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ በወይራ ጢስ ታጥነው ስለ ነበር፣ አንድ ቀን እኔ ግራዋውን ስተፋ አይታ፣ «አፍም ጋን ነው ልጄ፤ ያልታጠነ ጋን የጠመቁበትን ያበላሻል» አለችኝ። እርሷ ግን ለራሷ የምትመርጠው ልምጭን ነበር፤ ከወንዙ ዳር፣ ጥላ ከበዛበት ጫካ፣ ማለዳ ወርዳ ትቆርጠዋለች። (ልምጭ ስሙን ከመገረፊያው ጋር መጋራቱን ያየሁት እዚያው ነው፤ እምዬ «ልምጭ አምጣ» ባለች ጊዜ፣ ለአፌ ይሁን ለእግሬ፣ ፊቷን ሳላይ ተነሥቼ አላውቅም።)

ጥርስ ነጭ መሆን በዚያ አገር እንዲሁ የመልክ ነገር ብቻ አልነበረም። ልጃገረድ ስትወደስ ጥርሷ ሐጫ በረዶ ነው ይባላል፤ ከፊት ፍንጭት ከሆነችማ ውዳሴው እጥፍ ነው። የአባቴ እኅት፣ ከመዳሯ በፊት ድዷን የተነቀሰች ጊዜ፣ እኔ ከበሩ ኋላ ተሸሽጌ አይቻለሁ፦ ነቃሿ ሴትዮ ከምጣድ ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት በሸክላ ስባሪ ላይ በጥብጣ፣ መርፌዎቹን በክር አስራ፣ የአክስቴን ከንፈር በአውራ ጣቷ ገልብጣ፣ ድዷን ጠቅ ጠቅ እያደረገች ጥላሸቱን ስትቀባ፣ አክስቴ የመደቡን ቁርበት በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ነበር። ሳምንት ሙሉ ያለ አጥሚት የቀመሰችው አልነበረም። ድዷ ሲሽር እንደ ሰማያዊ ቀለም ጠቁሮ ወጣ፤ ጥርሷም፣ አንዲት ቅንጣት ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት፣ ከዚያ በፊት ያላየሁትን ንጣት ነጣ። አስቀድሞ ያልነጣው ጥርስ የነጣው አጠገቡ በጠቆረለት እንደ ሆነ ያኔ አልገባኝም፤ አስማት መስሎኝ ነበር።

የፊደል መምህራችን መሪጌታም በዚህ ነገር ላይ አንድ ቀን ቅኔ ቢጤ ጨመሩበት። ያዕቆብ ይሁዳን ሲመርቀው ጥርሱን በወተት መመሰሉን፣ ሰሎሞንም በመኃልየ መኃልይ የወዳጁን ጥርስ ተሸልተው ከመታጠቢያ በወጡ በጎች መመሰሉን ካወሱልን በኋላ፣ በግዕዙ ጥርስ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ «ስን» እንደሚባል፣ በንጉሡ ሠ የተጻፈው «ሥን» ግን ውበት እንደ ሆነ ነግረው፣ አፍ ለአፍ ሲሰሙ አንድ የሚሆኑትን እነዚህን ሁለት ቃላት የሚለይ ዓይን ያለው ሰው ጥቂት ነው ብለው ዝም አሉ። እኛ ልጆቹ የገባን ጥርስን መፋቅ መጽሐፍ ያዘዘው መሆኑ ብቻ ነው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምጬን ይዤ ደጅ ስቀመጥ፣ ከጽድቅ ሥራ አንዱን እንደምሠራ ሆኖ ይሰማኝ ጀመር።

አባቴ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ የወረደው እኔ ገና ጥርስ አብቅዬ ሳልጨርስ ነበር፤ እናቴም ዘግይታ ተከተለችው። ያረፉት ከአዋሽ ሸለቆ የሸንኮራ እርሻ ሰፈሮች በአንዱ ነው፤ የሰፈሩን ስም መጥራት አያሻኝም፣ የምናገረው ነገር ከሰው ሳይሆን ከምድር የመጣ ነውና። እኅቴ እዚያ ተወለደች፤ ከእኔ 4 ዓመት ታንሳለች። እምዬ ዓይኗ መድከም ሲጀምር፣ 10 ዓመት ሲሞላኝ፣ እኔም ወደ ወላጆቼ ተላክሁ። ሙቀቱ፣ ትንኙ፣ ሸንኮራው ሲቃጠል ጥቁር በረዶ መስሎ በልብስ ላይ የሚወርደው አመድ፣ ከፋብሪካው የሚመጣው የሞላሰስ ሽታ፣ ይህ ሁሉ ደንቆኝ ሳያበቃ፣ ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ የእኩዮቼ ጥርስ ነበር። አንዳንዱ እንደ ኖራ የነጣ ሰረዝ አለበት፤ አንዳንዱ ቡና የፈሰሰበት ወረቀት ይመስላል፤ የአንዳንዱማ ከጫፉ የተሸረፈ ነው። እነርሱ ደግሞ የእኔን ጥርስ ሊያዩ ይሰበሰቡ ነበር። «ምን ታደርገዋለህ?» ሲሉኝ፣ ከቡልጋ ያመጣሁትን የልምጭ እሥር እያሳየሁ፣ እንደ ሊቅ እመልስ ነበር።

የእኅቴ የወተት ጥርስ የወለቀው እኔ በመጣሁ በዓመቱ ነው። እንደ አገሩ ልማድ ወደ ጣራው ወርውረን መልካሙን ጥርስ ለመንንላት። የመጣላት ግን፣ ከድዷ ገና ብቅ ሲል ደመና የመሰለ፣ ዓመት ሳይሞላውም በመካከሉ ቡናማ መቀነት የታጠቀ ጥርስ ሆነ። እናቴ ሸንኮራውን ከሰሰች፤ ጎረቤቶች ሻዩን፣ አባቴ የቆላውን ፀሐይ ከሰሱ። እምዬ አንድ ጊዜ ልትጠይቀን በወረደች ጊዜ ልጅቱን አገጯን ይዛ፣ ወደ ብርሃን አዙራ ካየቻት በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህቺ ልጅ አትፋቅም» አለች። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሌላ ምክንያት አልተፈለገም። በዚያው ቤት የአባቴም የእናቴም ጥርስ ነጭ እንደ ነበረ፣ ያንኑ ሸንኮራ እኔም ሌት ተቀን እንደምግጥ፣ ቡናማ ጥርስ ያላቸው ሁሉ እዚያው ተወልደው እዚያው ያደጉት ብቻ እንደ ሆኑ፣ ይህ ሁሉ በዓይናችን ፊት ተሰጥቶ ሳለ፣ ያየው ዓይን እንጂ ያስተዋለው ልብ አልነበረም።

እኔም ያለ ሹመት የእኅቴ ጥርስ አለቃ ሆንሁ። ልምጩ አልበቃ ሲል ከሰል ፈለግሁ፦ የግራር ከሰል ከምድጃው መርጬ፣ በሙቀጫ ወቅጬ፣ በአሮጌ ነጠላ ነፍቼ፣ ጨው ቀላቅዬ በቆርቆሮ አኖርሁላት። ማለዳ ማለዳ ከቤቱ ኋላ፣ ከቧንቧው አጠገብ ቆማ፣ ጣቷን በጥቁሩ ዱቄት እየነከረች ስትፈገፍግ፣ እኔ የመስታወት ስባሪ ይዤላት እቆማለሁ። ዱቄቱ በምራቅ ርሶ በአገጯ ሲወርድ አሁንም ይታየኛል፤ በጥርሷ መካከል ሲንቀጫቀጭ የሚሰማው ድምፅ፣ አሸዋ ያለበት ቆሎ እንደ መቆርጠም ያለ ነበር። ታጥባ ስትጨርስ ከንፈሯን ገልጣ ታሳየኛለች፤ እኔ ወደ ፀሐይ አዙሬ እመረምራለሁ፤ «ገና ነው» እላለሁ። ድዷ ደምቶ ሲያስተፋት «አልጠነከረሽም» አልኋት እንጂ ተይ አላልኋትም። እርሷም አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም። «ወንድም ጋሼ፣ ዛሬስ?» ትለኛለች። ከዚያ ዘመን ጀምራ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ መሸፈን ለመደች።

ሎሚን በነገሩ ውስጥ ያገባሁት እኔው ነኝ። ብረት ድስት ሲጠቁር በሎሚና በጨው እንደሚጠራ አይቼ፣ ጥርስም ከብረት የማይበልጥ መስሎኝ፣ ከጥምቀት በፊት አንድ ሁለት ሳምንት «በሎሚ ብትሞክሪው» አልኋት። በዚያን ጊዜ 15 ዓመቷ ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ነውና፣ እናቴ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ቀሚስ አሰፍታላት፣ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ፣ ታቦቱ ካደረበት ሜዳ ከጓደኞቿ ጋር ወረደች። እኔ ከጎረምሶቹ ጋር ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ የሩቅ አገር ልጅ፣ ወደ ሴቶቹ ክብ አንድ ሎሚ ወረወረ፤ ሎሚውም የእኅቴን ደረት መትቶ በእቅፏ ቀረ። ሴቶቹ እልል አሉ። እርሷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ሎሚውንም እንደ ዕንቁላል በሁለት እጇ ይዛው ወደ ቤት ተመለሰች።

በማግሥቱ፣ በቃና ዘገሊላ ማለዳ፣ ውሃ ወይን የሆነበት ወንጌል በሚነበብበት ሰዓት፣ ከቤቱ ኋላ ወጥቼ አገኘኋት። ሎሚውን ለሁለት ገምሳዋለች። አንዱን ክፋይ በጨው ነክራ ጥርሷን ታሸዋለች፤ በላዩ ከሰሉን ትፈገፍግበታለች፤ እንደ ገና በሁለተኛው ክፋይ ታሸዋለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «ይጠዘጥዛል?» አልኋት። «ትንሽ ነው» አለችኝ። የተወረወረላትን ሎሚ ለዚህ ማዋሏን አይቼ፣ ዛሬ ሳስበው ፊቴን የሚያቃጥለኝን ነገር ያን ቀን አሰብሁት፦ ታታሪ ልጅ ናት አልሁ። የሎሚው ማጠቢያ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ቆየ፤ ከዚያ ወዲህ ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ ጉንጯን ይዛ ዓይኗን መጨፈን ስትጀምር እናቴ ቆርቆሮውንም ሎሚውንም ወርውራ ጣለችው። ቡናማው መቀነት እንደ ነበረ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አዲስ አበባ ገብቼ፣ ሥራ ይዤ፣ አንድ ቀን ለሌላ ሕመም የሄድሁበት የጥርስ ሐኪም የየት አገር ሰው እንደ ሆንሁ ጠየቀኝ። በዚያ ሸለቆ ማደጌን ስነግረው ጥርሴን እንደ ገና ተመለከተና፣ «እዚያ አልተወለዱም፤ ቢያንስ 8 ዓመት እስኪሞላዎ ሌላ ቦታ ነበሩ» አለኝ። ጠንቋይ ነው ብዬ ነበር። እርሱ ግን ረጋ ብሎ አስረዳኝ። በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ሥር የሚወጣው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን አሟሙቶ ይዞ ይመጣል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በዚያ አገር ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚይዝ ጉድጓድ አለ። ማዕድኑ ጥቂት ሲሆን ጥርስን ይጠብቃል፤ ሲበዛ ግን፣ የሕፃኑ ቋሚ ጥርስ ገና በመንጋጋው ውስጥ ሳለ፣ ኢናሜል የሚሉት ጠንካራ ሽፋኑ ሲሠራ፣ አሠራሩን ያበላሸዋል። ሽፋኑ ተሠርቶ ከተፈጸመ በኋላ የመጣ ሰው፣ ያንኑ ውሃ ቢጠጣ አጥንቱን ሊጎዳው ይችላል እንጂ ጥርሱን አያቀልመውም። አባቴና እናቴ አዋቂ ሆነው ነው የወረዱት፤ እኔ በ10 ዓመቴ። እኅቴ ከእናቷ ጡት ስትወርድ የተሰጣት የመጀመሪያው ብርጭቆ የዚያ ጉድጓድ ውሃ ነው።

በአሜሪካም የሆነው እንዲሁ ነበር፤ ይህንንም ከዚያ በኋላ አንብቤ ደረስሁበት። ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም በ1901 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ሥራ ሲጀምር፣ የአገሩ ተወላጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው፤ ሰዎቹም ምክንያቱን ሲጠየቁ አንዱ የአሳማ ሥጋ መብዛቱን፣ ሌላው የወተቱን መጥፎነት ይከስሱ ነበር። የውሃው ፍሎራይድ መሆኑ በኬሚስቱ ቸርችል ምርመራ የታወቀው በ1931 ነው። ሠላሳ ዓመት ፈጀባቸው። እኛ ሸንኮራውን ስንከስስ የነበረው ይህ ነገር ከታወቀ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነበር፤ ዕውቀት መንገድ ላይ ምን ያህል እንደሚያንቀላፋ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ሐኪሙን የከሰሉንና የሎሚውን ነገር የጠየቅሁት ልሄድ ስነሣ፣ በሩን ይዤ ነው። ቡናማው ከሽፋኑ በላይ የተቀባ ሳይሆን ከሽፋኑ ጋር የተሠራ ስለ ሆነ በመፈግፈግ እንደማይለቅ፣ ሎሚ ደግሞ በኮምጣጣነቱ ያንኑ ሽፋን እንደሚያልም፣ የላመውን በከሰል መፈግፈግ ቅርፊቱን እንደ መላጥ መሆኑን፣ ሽፋኑ አንዴ ከሄደ ዳግመኛ እንደማይበቅል፣ ከሥሩ ያለው የጥርስ ክፍልም በተፈጥሮው ቢጫ ስለ ሆነ፣ ጥርሱን አነጣለሁ ያለ ሰው ቢጫውን ራሱ ገልጦ እንደሚያወጣው ነገረኝ። «ማን ነው ያደረገው?» አለኝ። «አንድ የሰፈር ልጅ» አልሁት።

መፋቂያን ግን አልነቀፈብኝም፤ ጫፉ በደንብ ታኝኮ፣ ድድ ሳይወጉ ከያዙት፣ ከጥርስ ላይ የሚለጥፈውን ቆሻሻ ለማንሣት ከብሩሽ አያንስም ብሎኛል። በዚህ እምዬ ትክክል ነበረች። የተሳሳተችው ንጽሕናንና ንጣትን አንድ በማድረጓ ነው፤ እኔም ከእርሷ ወርሼ፣ የቡልጋ ምንጭ የሰጠኝን ንጣት በትጋቴ ያገኘሁት ጸጋ አስመስዬ ስመካበት ኖርሁ። መሪጌታ ሁለቱን ሰ የሚለይ ዓይን ጥቂት ነው ያሉት ያን ቀን ትዝ አለኝ።

ዛሬ ያ ከሰል ተመልሶ መጥቷል። የልጄ ልጅ በቅርቡ ጥቁር የጥርስ ሳሙና ገዝታ፣ በስልኳም አንዲት ፈረንጅ በተመሳሳይ ዱቄት ስትፈገፍግ፣ ቀጥላም ሎሚ ስትጨምቅ አሳየችኝ፤ «ተፈጥሯዊ ነው እኮ አባባ» አለችኝ። ሬትም ተፈጥሯዊ ነው አልኋት፤ ሳቀችብኝ። በሌላ በኩል ደግሞ፣ በዚያው በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ሰፈር፣ የከብት አጥንት አክስለው፣ ፈጭተው፣ ውሃውን በዚያ ያጠሩታል፤ የአጥንት ከሰል ፍሎራይዱን ከውሃው ይዞ ያስቀራል። የእኔው የግራር ነበር እንጂ የአጥንት አልነበረም፤ ቢሆንም የከሰል ቦታው ከውሃው ጋን ውስጥ ኖሮ፣ እኔ ከልጅቱ አፍ አገባሁት።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ያጫወትኋት ዘግይቼ ነው፤ ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ልጆቿም ከደረሱ በኋላ። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እንግዲያ ሙቀጫውን በከንቱ ነዋ ያጠቆርኸው» ብላ፣ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ሳቀች። ሌላ ነገር አላለችም፤ ይቅርታ የሚባለውንም ቃል ከአፌ ሳይወጣ በሻይ አሳለፈችው።

ከመናኸሪያው ተነሥቼ ከቤቷ ስደርስ ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ሊወርዱ ጥቂት ሰዓት ቀርቶ ነበር። ከሁለቱ ልምጭ አንዱን ሰጠኋት። አሸተተችው፤ ዓይኗን ጨፍና እንደ ገና አሸተተችው፤ «የእምዬ ደጅ» አለችና፣ ገሀድ ስለ ሆነ አፏ ሳታደርገው፣ ከግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የእመቤታችን ሥዕል ኋላ ሰካችው። ከዚያ በኋላ ወደ ጓዳ ተከትያት ገባሁ። ለነገው በዓል ዶሮዋ ተገንጥላ፣ 12ቱ ብልት በትልቁ ሳፋ ውስጥ ተዘርግቶ፣ ልጇ እጅጌዋን ሰብስባ ታጥባለች። በአጠገቧ ጨው የሞላ ሳህንና አንድ ጠርሙስ አቼቶ ቆሟል። ሌላው ሰው ሁሉ ዶሮ በሎሚ ነው የሚያጥበው፤ በእኅቴ ቤት ግን፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ሎሚ ገብቶ አያውቅም።